ወይዘሮ ለማነው እና የእህቴ መታወቂያ

በየሰፈሩ ማንንም የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በሩን ቆልፎ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚገፋው እሱ ነው። ስልክ ሲደወልለት “ሃሎ” በማለት ፈንታ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጠው፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ስሙን ሳይፍቅ የማይጥለውም እሱ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም እንስቅበታለን፣ ሁላችንም አንድ ቀን በሩን እናንኳኳለን። ለኛ ሰፈር የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ለማነው ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ እንደማንኛችንም እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው። ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። መታወቂያ ከሚታደስበት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ወረቀት ይዞ የገባን ሰው ሁሉ፣ ገና ሰላም ሳይሉት “ለማነው?” ይሉታል። ጎረምሳው፣ ሽማግሌው፣ ባለሥልጣኑ ሁሉ ይጠየቃል። ለሃያ ዓመት ይህን ሲጠይቁ ኖረው ጥያቄው ስማቸው ሆኖ ቀረ።

አንድ ጊዜ ሊያገባ ያሰበ ወጣት መጣ።

“ለማነው?”

“ለጋብቻ ምዝገባ ነው እትዬ።”

“ስንት ኮፒ አሉህ?”

“እነሱ ሁለት ነው ያሉት። ግን ለማንኛውም አምስት ይሁንልኝ።”

“ስንት ሴት ልታገባ ነው?”

ልጁ ሁለት ኮፒ ይዞ ወጣ። ሁለቱም ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር ተሰምሯል፤ በመስመሩ ላይ ደግሞ ከዕለቱ ቀን ጋር “ለጋብቻ ምዝገባ ብቻ” የሚል ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሰፍሯል። እጮኛው ስታየው “ይቺን ‘ብቻ’ የምትለዋን ወድጃታለሁ” አለች አሉ።

የተበላሸ ኮፒ ከሳቸው ቤት ሙሉውን ወጥቶ አያውቅም። በመቀስ ይቆራረጥና ፊቱ በአንድ ከረጢት፣ ቁጥሩ በሌላ ከረጢት ይገባል። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ ቀን አይጣሉም። “ፊትና ቁጥርን አብሬ አልሸኝም” ይላሉ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ኮስተር ብለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ተሰብስበን ሳለን ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያዳምጡት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

“ከባንክ ነው የምንደውለው እናቴ። ሙሉ ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን ያረጋግጡልን።”

“የደወልከው አንተ ነህ። እኔ ማን እንደሆንኩ አንተ ንገረኝ።”

“ለደኅንነትዎ ብለን ነው እኮ።”

“እንግዲያው ለደኅንነትህ ከአንተ እንጀምር። ማን ልበል?”

ሩብ ሰዓት ቆዩ። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ሲዘጋ ክብርት ወይዘሮ ሙሉ ስሙን፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረና ጀርባውን እንደሚያመው አውቀው ነበር። “ስሙ ውሸት ይሆናል” አሉን ስልኩን እያስቀመጡ፣ “ጀርባው ግን የምሩን ነው።”

እኔ ያን ቀን ሆዴን ይዤ ከሳቁት አንዱ ነኝ። በጋዜጣ ላይ ለሰው ምክር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና፣ ምክር የሚያስፈልገው ሌላው ሰው ይመስለኛል። እኚህ ሴትዮ ሥራ ያስፈቱናል፣ ቀላሉን ነገር ያከብዱብናል ብዬ ለሰማኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ቸኩሎ የገባ ሰው እሳቸው ዘንድ ግማሽ ቀኑን ትቶ ነው የሚወጣው።

ታላቅ እህቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። የሰፈሩን ጎረምሳ ግማሹን መጀመሪያ የነካው እጅ የሷ እጅ ነው። ስልኳ ላይ ሰው በስሙ አይመዘገብም፤ “የመንታዎቹ እናት”፣ “መኪና ውስጥ የወለደችው”፣ “በአራተኛው ሴት ያገኘችው” እየተባለ ነው። ሁሉም እስከ ዛሬ ይደውሉላታል። ልጅ ሲያተኩሰው ከሐኪም በፊት እሷን ነው የሚጠይቁት።

አንድ ማክሰኞ መልእክት ደረሳት። መታወቂያሽ ሊሰረዝ ነው፣ ዛሬውኑ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ በዚህ ቁጥር ካልላክሽ አገልግሎቱ ይቋረጣል የሚል። እህቴ ስልክ ላይ ፎቶ ማንሳትና መላክ አይሆንላትም፤ ወደ ክብርት ወይዘሮ ሄደች።

“ለማነው?”

“ለመታወቂያ እድሳት። መልእክት ልከውልኝ ነው፤ ይኸው።”

ክብርት ወይዘሮ መልእክቱን አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር አነበቡት።

“ቢሮው እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሂጂና እዚያው ጠይቂያቸው።”

“ሰልፉን አታዪውም? ዛሬ ካልተላከ ይሰረዛል ይላል!”

“የሚያጣድፍሽ ሰው ለምን እንደሚያጣድፍሽ አስቢበት።”

“እኔ ሕፃን አይደለሁም።”

“ሕፃን ነሽ የሚል ቃል አልወጣኝም። ግን አልልክልሽም።”

እህቴ ተናዳ እኔ ቤት ገባች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና “አንተም እንደሷ ልትመረምረኝ ነው?” አለችኝ።

“እኔማ ምን ብዬ እመረምርሻለሁ” አልኳት።

ይህን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እያስታወስኩ አፍራለሁ። መታወቂያዋን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ ዘረጋሁ፤ መብራት እንዳያንጸባርቅበት እንኳ ተጠንቅቄ ፊቱንም ጀርባውንም አነሳሁ፤ ከሷ ስልክ ላይ ላክሁ። ትንሽ ቆይቶ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ደረሳት። ቀጥሎ “የደረሰዎትን ቁጥር ይላኩልን” የሚል መጣ። እሱንም ላክሁ። “እናመሰግናለን” አሉን። በጣም ጨዋዎች ናቸው ብዬ ነበር። ሁሉም አራት ደቂቃ አልፈጀም። “አየሽ?” አልኳት፣ “በቃ ይኼው ነው።”

ሐሙስ ጠዋት ከሰዎቿ ጋር የምትጻጻፍበት መተግበሪያ አላስገባ አላት። የስልክ ብልሽት መስሎን ስናጠፋና ስናበራ የመንታዎቹ እናት በሩን አንኳኳች።

“መታወቂያዬን ልኬልሻለሁ፤ ደረሰሽ?”

“የምን መታወቂያ?”

ሴትየዋ ስልኳን አሳየችን። እህቴ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ አለ፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ልጆቼ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ክትትል አዲስ ምዝገባ ስላለ መታወቂያችሁን በሁለቱም በኩል አንስታችሁ ላኩልኝ። ስሞት።” ስሞት ማለትን እንኳ ከሷ ነው የተማሩት። የቆዩ መልእክቶቿን አንብበው አነጋገሯን ሰርቀዋል።

እህቴ እበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። “እኔን ቢዘርፉኝ ምንም አይደል” አለች። “እናቶቹ እኮ እኔን ብለው ነው የላኩት።”

ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ እግሬ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወሰደኝ። በር ላይ ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። “ነግሬያት ነበር” እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። ይገባኛልም። ክብርት ወይዘሮ ግን ማሽኑን አጠፉ፤ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ “ለዛሬ ይቅርታ አድርጉልኝ” ብለው ሰዉን አስወጡና በሩን ቆለፉ። ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው በሰፈሩ የለም።

እህቴን እንዳገኟት እጇን ያዙና “ምንም አትሰርዢ” አሉ። “መልእክቱ ማስረጃሽ ነው። አንተ ጻፍ፤ በስንት ሰዓት መጣ፣ በስንት ሰዓት ላክህ፣ ምን ምን ላክህ።” ጻፍኩ። ከዚያ የስልክ መሥሪያ ቤት ሄድን፤ በእህቴ መታወቂያ ከትናንት ወዲያ የወጣ ሌላ መስመር ተገኘ፣ ተዘጋ። ባንክ ሄደን መታወቂያዋ ሌባ እጅ መግባቱን አስመዘገብን። መተግበሪያውን አስመለሱላትና ሌቦቹ የገቡበትን ስልክ ከውስጡ አስወጡት፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገቡላት። ቃሉን ስትጽፍ ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። እኔንም አዞሩኝ።

“አሁን ለሁሉም ትደውያለሽ” አሏት።

“ጽሑፍ ብልክላቸው ይሻላል፤ ብዙ ናቸው።”

“ጽሑፉንማ ሌባውም ጽፎላቸዋል። ድምፅሽን ይስሙ።”

ድምፅም ቢሆን አልበቃም። ያቺ መኪና ውስጥ የወለደችው ሴት ወሬው ደርሷት ኖሮ እህቴን አፋጠጠቻት።

“አንቺ እሷ ከሆንሽ፣ ያን ቀን ምን አልሽኝ?”

“‘አይዞሽ፣ ግፊ’ ነዋ ያልኩሽ።”

“እሱንማ ለሁሉም ነው የምትይው! ሌላ።”

እህቴ አይኗን ጨፍና አሰበች። “ባልሽ መሪውን እንደያዘ ራሱን ስቶ ነበር። ከልጁ በፊት እሱን ነው ያነቃሁት።”

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁ ኋላ ልቅሶ መጣ። እህቴም ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ያኔ ወጣላት። ክብርት ወይዘሮ ከሚደወልላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ሰረዙና “ቀጥሎ” አሉ።

ዘጠኝ ሰዎች መታወቂያቸውን ልከው ነበር። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስንሰጥ መርማሪው ቀና ብሎ “ፎቶውን የላከው ማነው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አለች እህቴ ፈጥና።

“ውሸቷን ነው” አልኩ። “እሷ መላክ አትችልም። እኔ ነኝ።” መርማሪው ፊቱን ሳይለውጥ ጻፈው። በጋዜጣ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት መስመር ከበደችኝ።

ፖሊሶቹ የክሱን ማመልከቻ ኮፒ እስኪያወጡልን፣ እኔና አብረውን የመጡት ክብርት ወይዘሮ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። “ለምን አልተቆጡኝም?” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። “ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን የተበላሸ ኮፒ እበሩ አጠገብ ካርቶን ውስጥ እጥል ነበር። አንድ ትሑት ሰውዬ ይመጣል። ‘እናቴ፣ ለዕቃ መጠቅለያ ይሆነኛል’ ይላል። ደስ እያለኝ እሰጠዋለሁ። አንዳንዴ አሸክሜም እሸኘዋለሁ።”

“እሺ?”

“ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ የፖሊስ መጥሪያ ኮፒ ልታደርግ መጣች። በስሟ በወጣ ስልክ ሰው ተጭበርብሯል። አዲስ ሥራ ልትጀምር ነበር፤ ጉዳዩ እስኪጣራ አንቀበልሽም ብለዋታል። ከመጥሪያው ጋር የተያያዘውን፣ ስልኩ የወጣበትን የመታወቂያዋን ኮፒ መስታወቱ ላይ ሳስቀምጥ አየሁት። ያኔ ማሽኔ በቀኝ ጥግ ጥቁር መስመር ይጥል ነበር። መስመሩ አለ።”

“ነገሯት?”

“እዚያው ነገርኳት። ፖሊስ ጋ ሄጄም መሰከርኩላት። ነፃ ወጣች። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።” ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። “ምንም አላለችኝም እኮ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንተን ምን ብዬ ልቆጣህ?”

በእሳቸው ከሳቅሁት ሳቅ ሁሉ ያን ቀን አንድም አልቀረልኝም።

ከዘጠኙ ሰዎች ሰባቱን ምንም ሳይነካቸው ደረስንላቸው። የስምንተኛዋ መታወቂያ ሊሠራበት ሲሞከር ተያዘ። ዘጠነኛው፣ በአራተኛው ሴት ያገኘችው ሴት ባል፣ በስሙ በወጣ መስመር ምክንያት እስከ ዛሬ ይመላለሳል። በተጠራ ቁጥር አብሬው እሄዳለሁ፤ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ኮሪደር ውስጥ አብረን እንቀመጣለን። መጀመሪያ አያናግረኝም ነበር። አሁን ስለ ሴት ልጁ ያወራኛል። ሌቦቹ አልተያዙም። እህቴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛዋ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ የመጣላቸው መልእክት ግራ የገባቸውን እናቶች ታነብላቸዋለች። ሁለቱ ሴቶች በቀን ሦስት ጊዜ ይጣላሉ።

ባለፈው ወር ክብርት ወይዘሮ ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቁ ሌላ ከተማ ሄደው ቤቱ ለአሥራ ሁለት ቀን ተዘጋ። እኔ ኮፒ የሚያስፈልገው ወረቀት ነበረኝ። ሁለት በር አልፎ ሌላ ኮፒ ቤት አለ፤ ምንም አይጠይቁም፣ በደቂቃ ያወጣሉ። ገባሁ። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ እጁን ዘረጋልኝ። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከረመ።

በተመለሱ ማለዳ ቤቱ ሳይከፈት እዚያ ቆሜ ነበር። ቁልፉን እያዞሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ከሳህ እኮ” አሉኝ።

“ናፍቀውኝ ነው” አልኩ። ቀልድ እንዲመስል ሞክሬ ነበር፤ አልመሰለም።

ቁልፉን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው፣ “በል በል፣ ወረፋህን ጠብቅ” አሉ።

ከፊቴም ከኋላዬም ማንም አልነበረም። ጠበቅሁ።