ዶሮ የፈጀው ክትትል

የዶሮ ጠላት ሽለምጥማጥ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ጭልፊት ነው፣ ፈንግል ነው የሚላችሁም ቢመጣ እንደዚያው። የዶሮ ዋና ጠላት የዶሮ ባለሙያ ነው! ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም፤ ባለሙያው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ተቀምጬ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ተብዬ ደሞዝ እበላለሁ። (ከደሞዙ ሌላ ምን እንደበላሁ ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ።) መስከረም ላይ መሬትም በሬም ለሌላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ስድስት ስድስት ቄብ፣ ከአንድ አንድ አውራ ዶሮ ጋር አከፋፈልን። እንቁላሉ ተሽጦ ጎጆ እንዲደጉም ነው ሐሳቡ። በርክክቡ ዕለት ንግግር ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብዬ አስጨበጨብኩ። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልተናገርኩም… እኔስ መች አወቅሁና!

ለክትትል ከተመደቡልኝ መካከል እማማ ውድነሽ አንዷ ናቸው። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ትርንጎ አርብ ገበያ ክፍል ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። እማማ ዶሮዎቹን የተቀበሉት ለእሷ ብለው ነው። አርብ አርብ እንቁላላቸውን ገበያ አውጥተው የልጅቱን ኪራይ፣ ዘይቷንና ሳሙናዋን ይሸፍናሉ። ዶሮ ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ ትርንጎ ደብተሯን ጠቅልላ ወደ ገደሉ አፋፍ ተመላሽ ናት። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ለመጀመሪያው ክትትል ሄድኩ። ቅጼን አውጥቼ ብዕሬን ሳልከፍት እማማ አውራውን ዶሮ በአንድ እጃቸው፣ ቢላዋ በሌላው ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«በል ልጄ፣ ባርክልኝ» አሉ።

መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ሴት ልጅ ዶሮ አትባርክም። እማማ ቤት ደግሞ ቢላዋ የሚጨብጥ ወንድ የለም፤ ቅርብ የሚባለው ጎረቤት ከገደሉ ማዶ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! እነዚያ ዶሮዎች እኔ እስክመጣ ድረስ ቢላዋ የሚባል ነገር አያሰጋቸውም ነበር። ሊያርዳቸው የሚችለው ብቸኛ ፍጡር ሊጠብቃቸው የተላከው ባለሙያ ሆኖ አረፈው። በልቼ ነው የመጣሁት ብል፣ እቸኩላለሁ ብል፣ የእማማ ፊት ጠቆረ። ድኻ ብሆን ቤቴን ናቅኸው ወይ አሉኝ። ምን ላድርግ? በስመ አብ ብዬ ባረክሁ። ፈረሰኛውንም በላሁ። ቅጹ ላይ «የቀነሰበት ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር፤ ቢቸግረኝ «ልዩ ልዩ» ብዬ ሞላሁት።

አለቃዬ ሪፖርቱን አንብበው ተቆጡ። ዶሮ የሚቀንሰው ክትትል ስለላላ ነው፣ ይጠናከር ብለው አዘዙ። አለቃ ናቸውና ተጠናከረ። በቀጣዩ ሐሙስ ሄድኩ፤ አንዷ ቄብ ሄደች። በሳምንቱ ሆዴን አሞኛል ብዬ ሄድኩ፤ ለሆድ ሕመም ከዶሮ መረቅ የሚሻል የለም ተባለና ሌላዋ ተከተለች። ስድስት የነበሩት ቄቦች አራት ቀሩ፤ እኔ ግን ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ። አለቃዬም በሽታ ሳይገባ አልቀረም ብለው ሌላ የክትትል ቀን ሊጨምሩ ከጀሉ።

መላውን ያመጣችው ባለቤቴ አስካል ናት። ከመስክ ስመለስ ራት አልበላም እያልኩ ካስቸገርኳት ሰንብቻለሁ። ነገሩን ዘርዝሬ ስነግራት ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ረቡዕ የሚባል ቀን የለም?» አለችኝ።

ረቡዕ! ጾም! ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ እሄድ ጀመር። (አርብማ እሳቸው ገበያ ናቸው።) እማማ ሽሮ ያቀርባሉ፣ እኔ ዶሮ እቆጥራለሁ… አራት! በሳምንቱም አራት! ሁዳዴ ሲገባማ ባለሙያም ዶሮም አብረን አረፍን። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እንቁላል እማማ ጤፍ ውስጥ እየቀበሩ አቆይተው ለፋሲካ ገበያ አወጡት፤ የትርንጎ ኪራይም ያለ ጭንቅ ተከፈለ። አለቃዬ በስብሰባ መካከል አመሰገኑኝ። ሰው ሲመሰገን ደግሞ ይዘናጋል።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ረቡዕ እያፏጨሁ ደረስኩ። እማማ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከአራቱ ምርጧ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጥል የማትውለው ቀይዋ ዶሮ፣ እግሯ ታስሮ ከጎናቸው ተጋድማለች። ቢላዋው ድንጋይ ላይ ተስሏል።

«እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ» አልኩ።

«በዓለ ሃምሳ ነው እንጂ ልጄ። ጌታ ተነስቶ ማን ይጾማል? ስንት ወር በሽሮ ስሸኝህ አንጀቴ ሲያር ከረመ። ዛሬስ አገኘሁህ።»

የቄስ የልጅ ልጅ ሆኜ በዓለ ሃምሳን ልርሳ? አፈርኩ። ቀይዋን አየኋት፤ ትርንጎ ደብተሯን ስትጠቀልል ታየኝ። እማማ ያስጨበጡኝን ቢላዋ መሬት አስቀመጥኩና ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሰባሰብኩ።

«እማማ፣ የዶሮዎችዎ በሽታ እኔ ነኝ። በመጣሁ ቁጥር ያልቃሉ። ትርንጎ ምን ሊውጣት ነው?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«አውቃለሁ እኮ። መቁጠር የማልችል መሰለህ? ዶሮማ ትተካለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይችን አቀበት ወጥቶ እንዴት ከረሙ ያለኝ ሰው ግን አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ እንግዳዬን በባዶ ሆዱ ልሸኘው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። ስድስት ወር ሙሉ እኔ ዶሮ ስቆጥር እሳቸው የእኔን መምጣት ይቆጥሩ ነበር። ይህን የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። የሚታረደው ለእንግዳ ነው፤ ልጅ ቤት ያፈራውን ይበላል። እንግዲያውስ የጡት ልጅዎ ያድርጉኝ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ። በወጉ ጣታቸውን ማር አስነክተው ሊያጠቡኝ ይገባ ነበር፤ ማር ከቤት ከጠፋ ቆየ፣ በስኳር ይሁን አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጢም አለኝ፤ የመሥሪያ ቤት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል… ተንበርክኬ ስኳር የነካ አውራ ጣት ጠባሁ! ምስክሯ ቀይዋ ዶሮ ናት። ወዲያው ተፈታችና ምንም እንዳልሆነ ጓሮ ገብታ መጫር ጀመረች። እኛም ሽሮአችንን በላን።

ስወጣ እማማ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«እንግዲህ ልጄ ነህ» አሉኝ። «ልጅ ደግሞ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ከዚያ ወዲህ ያንን አቀበት የምወጣው ከገበያ የገዛሁትን ዶሮ ብብቴ ሥር ይዤ ነው። መጀመሪያ አውራውን ተካሁ፤ ቀጥሎ ቄቦቹን። ዛሬ የእማማ ዶሮዎች ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ትርንጎም አሥረኛ ክፍል ልትገባ ነው። ብብቴ እንደሆነ ተቧጭሯል፤ ይሁን።

አለቃዬ የመጨረሻውን ሪፖርት አይተው በደስታ መቀመጫ አልበቃቸውም። ዶሮ በክትትል እንደሚበዛ ተረጋግጧልና ምርጥ ተሞክሮው ይስፋፋ ብለው ባለፈው ሰኞ ሌሎች አሥራ አንድ እማማዎች ደልድለውልኛል። እናት መብዛቱ ደስ ይላል… ደሞዜ ግን አሁንም የአንድ እናት ልጅ ደሞዝ ነው።