ከግድግዳው ማዶ የሚነሳው ባቡር

በየሰፈሩ ባቡር ነድቶ የማያውቅ አንድ የባቡር ሾፌር አለ። የኛ ሰፈር የለውም ካላችሁ ግድግዳችሁ ወፍራም ሆኖ ነው። የኔ ስስ ነው። ይህ የኦሳካ የድሮ ረድፍ ቤት ሲሠራ በሁለት ጎረቤት መሀል የቆመው እንጨትና ጭቃ ብቻ ስለሆነ፣ ከማዶ ሲያስነጥሱ መሀረብ የምፈልገው እኔ ነኝ። ስለዚህ ክቡር ዋና ሾፌር ኑካታ ሳን በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ከሳሎናቸው ሲነሱ፣ ጡሩምባ ሲነፉ፣ ፍሬን ሲይዙና የጣቢያ ስም ሲጠሩ አብሬ እሰማለሁ። ለቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ አቤት ብያለሁ። አናጢ ልኮ ግድግዳውን እንደሚያወፍርልኝ ቃል ገብቷል።

ኑካታ ሳን ('ሳን' እኛ ጋ አቶም ወይዘሮም ነው) ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍራሽ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቁን ዘግተው ቤት ሲውሉ፣ ሴት ልጃቸው አባቷ ሥራ ፈትተው እንዳይታመሙ ብላ የባቡር መንዳት ጌም ገዛችላቸው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ሁለት እጀታ ያለው ሳጥን ነው፤ አንደኛው እጀታ ያስኬዳል፣ ሌላኛው ያቆማል። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍራሽ ሻጩን ያየው የለም። ነጭ ጓንት አጠለቁ። የኪስ ሰዓት ገዝተው ከሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጡ። የሾፌር ኮፍያም ሊገዙ ነበር፤ ሚስታቸው ማትሱኤ ሳን ግን ከኩሽና ሆና፣

"ኮፍያ የገዛህ ቀን እኔ ከዚህ ባቡር እወርዳለሁ" አለቻቸው።

ኮፍያው ቀረ። ፍላጎቱ ግን አልቀረም።

እሷን ለመቃወም አቅም የላቸውም፤ ያለ እሷ ባቡሩ አይነሳምና። ኑካታ ሳን ጣቢያ ላይ ቆመው በሩን ከከፈቱና ከዘጉ በኋላ "ተሳፋሪ ተሟልቷል?" ብለው ይጠይቃሉ። ማትሱኤ ሳን የያዘችውን ጭልፋ በድስት ክዳን ላይ ሁለቴ ትመታለች። የባቡር ረዳት ለሾፌሩ "ሂድ" የሚልበት ደወል ሁለቴ ነው። ሾርባ እያማሰለችም ሆነ እያለቀሰች ደወሏን አስተጓጉላ አታውቅም።

እንደ ማንኛውም የባቡር ሾፌር ኑካታ ሳንም የሚያዩትን ሁሉ በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ዓይን የሳተውን አፍ ይይዘዋል ተብሎ። ክፋቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት ከተነሱም በኋላ አለማቆማቸው ነው። ፍሪጁን ዘግተው "በር ተዘግቷል፣ ልክ ነው" ይላሉ። ቆሻሻ ሲያወጡ ከረጢቱን እየጠቆሙ "ሐሙስ፣ የሚቃጠል ቆሻሻ ቀን፣ ልክ ነው" ይላሉ። አንድ ቀን ማትሱኤ ሳን ተኮሳትራ ከገበያ ስትገባ "ምልክት ቀይ፣ ቁም" ሲሉ ሰምቻለሁ። ቆሙም።

ባለፈው ዓመት የሰፈሩ አረጋውያን ተሰባስበን ወደ ፍል ውኃ ስንሄድ፣ ከአውቶቡሱ ሾፌር ኋላ ተቀምጠው እጁን ሲከታተሉ ሄዱ። ስንደርስ ሌላው ሰው እያመሰገነ ሲወርድ እሳቸው ጎንበስ ብለው፣

"ፍሬኑን ትንሽ ዘግይተህ ነው የያዝከው። ሻዬ ተናውጧል" አሉት።

"እርስዎም ሾፌር ነዎት እንዴ?"

"ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ።"

ጌሙ ለአፍታ ማቆሚያ ቁልፍ አለው። ስልክ ቢጮህ ወይም ድስት ቢገነፍል ሰው አንዴ ይጫነውና ሁሉም ነገር ባለበት ቀጥ ይላል። ኑካታ ሳን ነክተውት አያውቁም። "ባቡር ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም" ይላሉ። ልጃቸው የወለደች ቀን ከሆስፒታል ሲደወል፣ ማትሱኤ ሳን "ሴት ናት፣ ሴት ናት" እያለች ስትሮጥ የተሰማኝ መልስ "መጨረሻ ጣቢያ ስንደርስ ደስ ይለናል" የሚል ነበር። መሬት የተንቀጠቀጠ ዕለት ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ሳህኖቼ ሲንቀጫቀጩ እያዳመጥኩ ሳለ፣ ከማዶ የእሳቸው ድምፅ መጣ። "ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ባቡራችን ለጥንቃቄ ቆሟል። እባክዎ ተረጋግተው ይጠብቁ።" ተረጋግቼ ጠበቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አንድ ጊዜ ተሳስቼ "ለመሆኑ የሚወዱት የትኛውን ባቡር ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ልብስ ላሰጣ ነበር የወጣሁት፤ ልብሱ ከእጄ ላይ ደረቀ።

ፈጣኑን ባቡር ይንቁታል። "እሱ ባቡር አይደለም፤ መነሳት ያቃተው አውሮፕላን ነው" ይላሉ። ከተማውን የሚዞረውን ባቡር በጠዋት ግፊያ መንዳት እጅ ያፍታታል፤ ግን ሰው እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ታጭቆ ማየት አይወዱም፤ እዚህ ላይ የሚናገረው የድሮ ሙያቸው ነው። የሳቸው ፍቅር ኦኩሐማ በሚባለው የባሕር ዳር መስመር ላይ የሚሄድ፣ ቀይና ክሬም የተቀባ፣ አንድ ፉርጎ ብቻ ያለው የናፍጣ ባቡር ነው። ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። ዝናብ ሲሆን አንዱ የመስታወት መጥረጊያው ይሠራል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይቺን እንኳን አልረሷትም። ከረጅሙ ዋሻ ሲወጣ ባሕሩ ባንዴ ፊት ለፊት ይዘረጋል። ከሐዲዱ በታች ባለ ቤት ደጅ ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ እጇን ታውለበልባለች። ኑካታ ሳንም ሁልጊዜ ጡሩምባ ነፍተው ሰላም ይሏታል።

"ያቺ ሥዕል ከኔ የበለጠ ሰላምታ ታገኛለች" ትላለች ማትሱኤ ሳን።

"አንቺም ልብስ ስታሰጪ አውለብልቢልኝ።"

እውነተኛው የኦኩሐማ መስመር ከተዘጋ ቆይቷል። ሐዲዱ ተነቅሎ ዛሬ አውቶቡስ ነው የሚሄድበት። ባቡሩ የቀረው በጌሙ ውስጥ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለችው ኢሶዛኪ የምትባል ጣቢያ ደግሞ እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ኢቶ የተወለድንባት ናት። እኔ በጀርባ ታዝዬ ስለወጣሁ አላውቃትም። እትዬ ግን አድጋባታለች፤ ለጋብቻ ወደ ከተማ የመጣችውም በዚያው ባቡር ነው። አሁን ዘጠና ሊሞላት ነው፣ ጉልበቷ ደክሞ እኔ ጋ ትኖራለች። ከግድግዳው ማዶ "ኢሶዛኪ፣ ኢሶዛኪ" ሲባል በሰማች ቁጥር "ውሸታም ፍራሽ ሻጭ" ትላለች።

እንግዲህ ስለ ወርቁ ኮፍያ ልንገራችሁ። ጌሙ የኦኩሐማን መስመር በአራቱም ወቅቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለነዳ፣ አንዴም ዘግይቶ ላልተነሳና ከምልክቱ ላላለፈ ሰው ከስሙ ጎን የወርቅ ኮፍያ ይስልለታል። አንዴ የዘገየ ከተለማማጅነት እንደገና ይጀምራል። ኑካታ ሳን ለዚህች ኮፍያ ስንት ጊዜ ወድቀው ተነስተዋል። ያቺ ማትሱኤ ሳን ልትከለክላቸው የማትችል ብቸኛዋ ኮፍያ ናት። በዚህ ክረምት ፀደዩን፣ በጋውንና መጸውን ጨርሰው የበረዶው ጉዞ ብቻ ቀራቸው። ያን ጊዜ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ደጄን አንኳኩ።

"ሂሳኤ ሳን፣ የነገው ጉዞ ያለ ተሳፋሪ መሆን የለበትም። እህትዎን ይዘው ቢመጡልኝ።"

እትዬ ከውስጥ ሰምታለች። "በቴሌቪዥን ባቡር የት ልደርስ ነው?" አለች። በነጋታው ግን ከሁላችንም በፊት ተነስታ ጥሩ ኪሞኖዋን ለበሰች። እንቁላል ቀቅላ፣ መንደሪን በመረብ ቋጥራ፣ የእጅ ቦርሳዋን ይዛ ተቀመጠች። ባዶ እጇን ባቡር ተሳፍራ አታውቅም።

የኑካታ ሳን ሳሎን ውስጥ ትራሶቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ባቡር መቀመጫ ተደርድረዋል። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ የጎረቤት አጥር የሚያሳይ መስኮት ነው። ጭልፋው ሁለቴ ተመታ፣ ተነሳን። በረዶው በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይመጣል። ኑካታ ሳን ጀርባቸውን አቅንተው እየጠቆሙ ይጠራሉ። እኛ እንቁላል እንልጣለን።

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ የጨው ቤት ነበረ" ትላለች እትዬ።

"አሁን በቀኝ በኩል ይመጣል፣ እናቴ።"

ጨው ቤቱ መጣ። እትዬ እንቁላሏን እንደያዘች ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። ከዋሻው ስንወጣ ባሕሩ ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ ከበረዶው መሀል እጇን ስታውለበልብ፣ እህቴ አጸፋውን መለሰች። እኔም አውለበለብሁ። የማላውቃት አገሬ ናት።

መስመሩ ባለ አንድ ሐዲድ ስለሆነ ባቡሩ ኢሶዛኪ ላይ ከፊት የሚመጣው እስኪያልፍ ይቆማል። ኑካታ ሳን ልክ ምልክቱ ላይ አቆሙት። በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ እትዬ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች።

"የት ነው እትዬ?"

"ሽንት ቤት ነዋ። ይህ ባቡር ሽንት ቤት የለውም። ሁላችንም ኢሶዛኪ ላይ ወርደን ነው የምንጠቀመው፤ ይህን የማያውቅ አለ?"

ቦርሳዋን መቀመጫዋ ላይ ትታ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች በረጅሙ ኮሪደር ወደ ጓሮ ሄደች። ልደግፋት ስነሳ በእጇ መለሰችኝ።

ከፊት የሚመጣው ባቡር መጣና አለፈ። ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ። ኑካታ ሳን በሩን አልዘጉም። የኪስ ሰዓታቸውን አዩ፣ ኮሪደሩን አዩ።

"ሂድ እንጂ አንተ ሰውዬ" አለች ማትሱኤ ሳን ጭልፋዋን ይዛ። "ጌም ነው። መጥታ ትቀመጣለች።"

"ተሳፋሪ ወርዷል። ዕቃዋ እዚህ ነው።"

"እንግዲያው ማቆሚያውን ተጫነው። አንድ ጊዜ። ማንም አያይህም።"

ጣታቸው ወደ ቁልፉ ሄዶ ከላዩ ላይ ቆየ። አፌን ከፍቼ "ይጫኑት" ልል ነበር።

"ከተጫንኩት ባሕሩ ይቆማል" አሉ ኑካታ ሳን። "በረዶውም ይቆማል። ስትመለስ እንዲያ ሆኖ ልታገኘው?"

እጃቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የተቆጣጣሪው ድምፅ "የመነሻ ሰዓት ደርሷል" አለ። ደገመው። ከዚያ በመስታወቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያን ቀን ግን ከሁሉም ቀድሜ አነበብኩት። "ዘግይተዋል" ይላል። ማትሱኤ ሳን ጭልፋዋን ወደ ታች አደረገች። በረዶው ይወርዳል፣ ባሕሩ ይመጣል ይሄዳል፣ ከጓሮ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

እትዬ እጇን ታጥባ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ በራሷ ጊዜ ተመለሰች። ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። መስታወቱን አየች፣ ሾፌሩን አየች።

"ምን ቆመሃል?" አለች። "በኛ ጊዜ የኦኩሐማ ባቡር ዘግይቶ አያውቅም።"

ኑካታ ሳን ቀጥ ብለው ተነስተው ወደ እኛ ዞሩና ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

"ስለ መዘግየታችን ክቡራን ተሳፋሪዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"ይሁን" አለች እትዬ፣ መንደሪኗን እየላጠች። ግማሹን ለሾፌሩ ሰጠቻቸው።

ስለ ኮፍያው ማንም አልነገራትም። ከሳምንት በኋላ የቤቱ ባለቤት ቃል የገባልኝ አናጢ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲለካ ከማዶ ተለማማጅ ሾፌር ኑካታ ሳን ከፀደዩ ጀምረው ኢሶዛኪ ደርሰዋል።

"ይህ ምንድን ነው የሚሰማው?" አለ አናጢው።

"ባቡር ነው" አልኩት።

"ተሳፋሪ ተሟልቷል?" አሉ ኑካታ ሳን። ጭልፋው አልተመታም። ማትሱኤ ሳን ገበያ ሄዳ ነበር፤ ስትወጣ ደጅ ላይ አግኝቻታለሁ። ሰዓቱ ደርሶ ይሆናል።

ወደ ጓዳ ዞር አልኩ። እትዬ የለችም፤ ሽንት ቤት ናት። በሩ ተከፍቶ እግሯን እየጎተተች መጥታ እስክትቀመጥ ጠበቅሁና ግድግዳውን በጣቴ ሁለቴ መታሁ።

ባቡሩ እያቃሰተ ተነሳ። አናጢውን "ግድግዳው ደህና ነው፤ ይልቅ የኩሽናው መደርደሪያ ላልቷል" አልኩት፤ እሱም ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ ኩሽና ገባ።