ወላጅ ያረፈደ ቀን

ልጁን «በእኛ ጊዜ» እያለ የማይመክር ወላጅ የለም። አለ ካላችሁኝ ገና አልወለደም። በተለይ እንደ እኔ የጎንደርን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ለአራት ተጣብቦ የጨረሰ ሰውማ ምክሩ ማቆሚያ የለውም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያረፈችበትን ግድግዳ ተሻምተን ስንሞቅ፣ ዩኒት ሊደሩ አለንጋውን ይዞ ብቅ ሲል እንደ ቆቅ ስንበታተን… ያን ጊዜ እወደዋለሁ። ለልጄ ሳወራላት ግን ትንሽ ቅመም ጣል ሳላደርግበት አልቀርም። እናንተስ?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት በማርፈዷ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተባለች። ያውም እኔው በተማርኩበት ትምህርት ቤት። ወላጅ ካልቀረበ ክፍል አትገባም፤ በማግስቱ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ፈተና አለባት። ጠዋት ሰፈራችን ማራኪ ላይ ባጃጅ ልታስቆም እጇን ስትዘረጋ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር…

«አውርጂ እጅሽን» አልኳት። «እኔ ከአዘዞ ድረስ በእግሬ እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም።»

«አባዬ፣ ፈተና አለብኝ እኮ።»

«ዝም ብለሽ ሂጂ። መንገድ እንዴት እንደሚኬድ ዛሬ ታያለሽ።»

ዳገቱን ሳናጋምስ ጉልበቴ ከዳኝ። ያገኘሁት ድንጋይ ላይ እየተቀመጥኩ ስለ ጽናት አስተማርኳት። እሷ አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ያረፈዱ ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ዘበኛው አያ ፈንቴ ናቸው። በእኔም ጊዜ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ጢማቸው ነጥቷል።

«አያ ፈንቴ፣ አስማረ ነኝ። ወላጅ ተብዬ ተጠርቼ ነው።»

«ሸጋ። ምነው ታዲያ አረፈድህ?»

«በእግር መጥተን ነው።»

«ልጅቱ አረፈደች ተብሎ የተጠራ ወላጅ ራሱ አርፍዶ ይመጣል? እንዲህ ያለ ወላጅ አላስገባም። የሚቆጣህ ሰው ካለህ ጥራ።»

የሳቅሁ መሰላችሁ? የሕይወት ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር። አፈርኩ። ስልኬን አወጣሁና አራዳ ሰፈር እህቴ ዘንድ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ።

እናቴ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ በባጃጅ ከች አለች።

«ምን ሆናችሁ አረፈዳችሁ?»

«አባዬ በእግር ካልሄድን ብሎ ነው» አለች ሕይወት። «እሱ ድሮ ከአዘዞ በእግሩ ይመላለስ ነበር አሉ።»

«ማን? ይሄ?» እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አጎቱ በጭነት ማኪናው ጋቢና አስቀምጦ አይደል እንዴ የሚያደርሰው! እንዲያም ሆኖ ያረፍድ ነበር።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አያ ፈንቴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«በሉ እትዬ፣ እርስዎ ወላጅ ሆነው ከልጅቱ ጋር ይግቡ። እሱስ?»

«እሱ ይቁም» አለች እናቴ። «ያኔ ሳልቆጣው ቀርቼ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ልጄ ለፈተናዋ ደርሳለች፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። ኮቴን አስተካክዬ አጥሩን ተደገፍኩ። ካረፈዱት ተማሪዎች አንዷ በሐዘኔታ አየችኝና ጠጋ አለች።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ፤ «ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያስገቡናል።»