ከአምባዛ ጋር የቀዘቀዘው የመሪጌታ ደም

ከክፉ ሰው አውጣኝ ብሎ የሚጸልይ ብዙ ነው፤ ከደግ ሰው አውጣኝ የሚል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ከተመለስሁ ወዲህ ሁለቱንም እጸልያለሁ።

ሥራዬ ባሕር ዳር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከተከተበ ሰው ደም ነጭ ሕዋሳቱን እናወጣና የጀርሙን ቁራጭ እናሳያቸዋለን። «ይህን ጠላት ታውቁታላችሁ?» እንደ ማለት ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ወታደሮች ካስታወሱት ይቆጣሉ፤ የተቆጣ ሁሉ ሳህኑ ላይ አንዲት ነጥብ ይተዋል። እኛም ተምረን ተምረን ነጥብ ቆጣሪ ሆነናል። ታዲያ ወታደር የሚቆጣው በሕይወት ሲኖር፣ ያውም ብርድ ሳይመታው ነው።

የደልጊው መሪጌታ ለጥናቱ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ፣ ደም በሚቀዳበት ቀን ግን ፍትሐት የማያጡ ሰው ናቸው። ሲከተቡ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ቀጠሮው ሊያልፍ ሲል እኔው ሄድሁ፤ ለምኜ ቀዳሁ። እሳቸውም ባሕር ዳር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበርና በአንድ ጀልባ ተሳፈርን።

የሐይቁ ነፋስ ደስ ቢለኝ አሸለበኝ። ስነቃ ደሙን የያዝሁበት ሣጥኔ የለም። አጠገቤ የነበረው አሣ ነጋዴ፣ ደሙ በፀሐይ እንዳይበላሽብኝ አስቦ፣ ከአምባዛው ጋር በረዶ ውስጥ ቀብሮልኛል። ምስጋና እየጠበቀ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ምን ልበለው? እግዜር ይስጥልኝ አልሁት። በሆዴ ያልሁትን ግን በመሪጌታ ፊት አልደግመውም።

ደሙን ብርድ መትቶታልና እንደገና መቅዳት እንዳለብኝ ለመሪጌታ እውነቱን ነገርኋቸው። እሳቸውም አሣ ነጋዴውን ገሠጹት፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ እዚያ የሌለውን፣ ያስመዘገባቸውን ጎረቤታቸውን። ተሳፋሪው ሁሉ ጉዳዩ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴትዮማ የራሷን ደም ልትሰጠኝ ክንዷን ገለጠች፤ የመሪጌታ ጦር ከመሪጌታ ደም ውጭ እንደማይገኝ ማስረዳት ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ምስክር አድርጎ ማን ይሸሻል? ከወደቡ በቀጥታ ላቦራቶሪ መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊታቸውን ጀመሩ፤ ደሙም መጣ።

ሳህኑ ሲደርስ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጀርሙን ያላየው ወገን ጸጥ ብሏል፤ ባየው በኩል ነጥቡ እንደ ጤፍ ተዘርቷል። ሮጬ ደወልሁ። እንኳን ደስ ያለዎ፣ ሰውነትዎ ጠላቱን አልረሳም፣ ወታደርዎ እልፍ ነው አልኋቸው።

እሳቸውም በትሕትና ጠየቁኝ፦

«ይህ ሁሉ ጦር እያለኝ፣ ልጄ፣ አንተ መርፌ ይዘህ ስትገባ የት ሄዶ ነበር?»