የሲስተሙ ዘበኛ ክቡር እምሩ

በዚህ ከተማ «ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮት ያልተመለሰ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም። ሲስተሙ ሲኖር ግን ማን እንዳኖረው የሚጠይቅ የለም። እኔ ልንገራችሁ። ከአሥር በላይ ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ጃኬቱን የማያወልቅና በሩን ከግማሽ በላይ የማይከፍት አንድ ኩርፍተኛ ሰው አለ። የኛው እምሩ ይባላል።

ቢሮአችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ እናስመጣለን፤ መጋዘናችን ታች ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ግዢው፣ ሽያጩ፣ መጋዘኑ፣ ደመወዙ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሲስተም ነው። ሲስተሙን የሚያስተዳድረውም፣ የጎደለውን ፕሮግራም የሚጽፍለትም ክቡር እምሩ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ በደብዳቤ አልደረሰውም እንጂ ይገባዋል።

ከክቡርነታቸው ጋር ያልተጣላ የለም። እኛ የፒያሳ ሰዎች የቤታችንን ቁልፍ ጎረቤት ጋ እየተውን ያደግን ነን። አንዷ ለቅሶ ስትሄድ ፓስወርዷን ለጓደኛዋ ትታ ብትሄድ ደግነት እንጂ ጥፋት አይመስለንም። እምሩ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይገረጣል። «በሷ ስም ዕቃ ወጥቶ ቢጠፋ፣ ያኔ ለቅሶው የማን ነው?» ይላል።

እኔ ሽያጭ ክፍል ነኝ። አንድ ቀን ለደንበኛ ዋጋ ልቀንስ ብል ሲስተሙ አሻፈረኝ አለኝ። ቅናሹን ያዘጋጀ ሰው ራሱ ማጽደቅ አይችልም ይላል። እምሩ ጋ ሄጄ ጮኽኩበት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ሚስት ስታገባ ሽማግሌ ሆነህ የሄድከው ራስህ ነህ?» አለኝ። ቅናሹን የሚያጸድቅልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

ደግሞ የሱ ሲስተም አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። አንዱ ፕሮግራሙን የሚጽፍበት ነው። ሁለተኛው መሞከሪያው ነው፤ የጻፈውን እያበላሸ የሚያይበት። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እኛ የምንሠራበት። «ዋናው ላይ አይሞከርም» ሲል እንደ ቄስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደረሰኝ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል እንዲያርም ብንለምነው፣ ጽፎ፣ ሞክሮ፣ አስፈርሞ በሳምንቱ አመጣት። ደንበኛው እስከዚያ ከሌላ ሱቅ ገዝቷል።

እንዲህ እያናደደን ኖረን የገና ሰሞን ደረሰ። የመጋዘን ኃላፊያችን ወይዘሮ ዐፊፋ አንድ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ቢገቡ፣ ሲስተሙ «ጡረታ ወጥተዋል» አላቸው። ያለሳቸው ዕቃ ማስወጣት የሚፈቀድለት ሰው አልነበረም። ሊጫን የመጣው አይሱዙ በር ላይ እንደቆመ፣ እሳቸው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ቢሮ መጡ።

«እምሩዬ፣ ይሄ ነገርህ ምን እያለኝ ነው? ወላሂ እኔ ጡረታ አልጠየቅሁ!»

«እትዬ ዐፊፋ፣ ስልሳ ሞልቶዎታል ነው የሚለው።»

«ስልሳ? እኔ? ሃምሳ ሁለቴን እንኳ ለሰው አልናገር!»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በሳቸው ደመወዝ ነው፤ ልጃቸው ስድስት ኪሎ ገና ሁለተኛ ዓመት ናት። ለበዓሉ ሲባል ደግሞ ደመወዝ የሚዘጋው በማግስቱ ማታ ነበር። ከተዘጋ ስማቸው ወደ ጡረታ ያልፋል። አንዴ ያለፈን ስም ማስመለስ ስንት ቢሮ እንደሚያንከራትት የሞከረ ያውቀዋል።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደሥላሴ እየተቆጡ ከቢሯቸው ወጡ። «በል አሁኑኑ ዋናው ላይ ግባና ዓመቱን ለውጥላቸው!»

«ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አልነካውም፣ ጋሼ።»

ኮሪደሩ ተንጫጫ። እኔም ይህ ሰው ልብ የለውም አልኩ። እምሩ ግን ወደ ወይዘሮ ዐፊፋ ዞሮ፣ «እስቲ መታወቂያዎን ያሳዩኝ» አላቸው። ሰጡት። የትውልድ ዘመን 1966 ዓ.ም. ይላል፤ ቀን የለውም፣ ወር የለውም። ወሎ በድርቁ ዓመት ነው የተወለዱት፤ በዚያ ክፉ ጊዜ ቀን ያስጻፈላቸው ሰው አልነበረም።

እምሩ መታወቂያውን ሲስተሙ ላይ ካለው የልደት ቀን ጋር አመሳከረ። ከዚያ ሁላችንም እየሰማን፣ «ሲስተሙ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሮው ፋይል ወደ አዲሱ ሲስተም ስንዛወር፣ የልደት ቀኖችን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይር ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነበር። ፕሮግራሙ ቀንና ወር ያለውን ሁሉ በትክክል ቀየረ። ዓመተ ምሕረት ብቻ የተጻፈውን ግን እንዳለ አሳለፈው። የወይዘሮ ዐፊፋ 1966 የፈረንጅ 1966 ሆነና በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አረጁ።

«የሳቸውን ብቻ በእጅ ባስተካክል፣ ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ እንዲሁ ይወጡ ነበር» አለ እምሩ፤ ይህን ሲል ያየው እኔን ነው። እኔ የ67 ልጅ ነኝ። ቀኑን እናቴ ስትጠየቅ «ማሽላ ሲቆረጥ» ትላለች። ለካ ከርሞ እኔም ጡረተኛ ነበርኩ።

ፕሮግራሙን አረመና መሞከሪያው ላይ ጫነው። የመጀመሪያው ሙከራ ትክክል የነበሩትንም ቀኖች ጨምሮ ቀየረና፣ ሾፌራችንን በአሥራ አምስት ዓመቱ አይሱዙ አስነዳው። አቶ ወልደሥላሴ ይህን አይተው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላጣደፈውም። በማግስቱ ከሰዓት፣ ደመወዙ ሳይዘጋ፣ የታረመው ወደ ዋናው ገባ። ወይዘሮ ዐፊፋ እዚያው ቢሮአችን ፓስወርዳቸውን ጻፉ። ተከፈተላቸው።

«ሰው ሲመርቅ ዕድሜ ይጨምርልህ ይላል» አሉት። «አንተ ቀንሰህ አኖርከኝ። አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።»

ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ሰው «አሜን» ብቻ አለ። ወይዘሮ ዐፊፋ አረፍ እንኳ አላሉም፤ አይሱዙው ከትናንት ጀምሮ ይጠብቃቸዋል። ሻርፓቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን ተያያዙት። እምሩ እስኪሰወሩ ድረስ በመስኮት አያቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ደግሞ ቆሜ እሱን አየሁት። ያንን ኩርፍተኛ እወደዋለሁ።