የ9/5ን ቴሌግራም ለመፍታት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ጥር 9 ቀን 1955 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር፤ ይህ እንዲጻፍ ሰብሳቢው አጥብቀው አዘዋል)
ቦታ፦ አሰበ ተፈሪ፣ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ጧት 2፡00

የተገኙ አባላት፦
አቶ አጥናፉ፣ የነርስ ሮማነወርቅ አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ
አቶ ተሻለ፣ የጂኦግራፊ መምህር
አቶ ብሩ፣ ከአሜሪካ መንገድ ቀያሾች ጋር ሰባት ወር የሠሩ
አቶ አብዱልቃዲር፣ የጭነት መኪና ባለቤት
ወ/ሮ ባየች፣ የነርሷ እናት
ሰርክአዲስ፣ ጸሐፊ (ማንም ሳይጠይቀኝ የተመረጥኩ)

አምስት ሰው የሚበቃ ሲሆን ስድስታችንም ስለተገኘን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የመድረሻ ቀን

ፈረንሳይ አገር አራት ዓመት ተምራ የምትመለሰው ሮማነወርቅ ትናንት ከጅቡቲ የላከችው ቴሌግራም ተነበበ። ቃሉ «9/5 ሰዓት 4 ሚኤሶ እደርሳለሁ» ይላል።

ወ/ሮ ባየች ይህ ጥር 9፣ ማለትም ዛሬ እንደሆነ፣ ልጃቸው ለጥምቀት እንደምትደርስላቸው፣ አሁኑኑ ካልተኬደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ፀሐይ ላይ ብቻዋን እንደምትቆም ተናገሩ።

አቶ ተሻለ ከፈረንጅ አገር የመጣ ቁጥር በፈረንጅ እንደሚቆጠር፣ ስለዚህ አምስተኛው ወር ሜይ፣ ቀኑም ግንቦት 1 መሆኑን በጠመኔ አስረዱ።

አቶ ብሩ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙ፣ ስለዚህ ነገሩ ሴፕቴምበር 5፣ ማለትም ነሐሴ 30 መሆኑን ገለጹ። አቶ ተሻለ ልጅቱ ከፈረንሳይ እንጂ ከአሜሪካ እንዳልመጣች ቢያመለክቱ፣ አቶ ብሩ ፈረንጅ ፈረንጅ ነው ሲሉ መለሱ።

ወ/ሮ ባየች «ከጅቡቲ ሚኤሶ ለመድረስ እስከ ግንቦት ምን ያቆያታል? በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሎ ታለፈ።

አቶ አብዱልቃዲር «ወላሂ፣ እናት ቀን አትስትም! መኪናው ቆሟል፣ እንሂድ» አሉ። ሰብሳቢው መኪናው በኮሚቴው ውሳኔ ብቻ እንደሚንቀሳቀስ አሳሰቡ።

በ2፡25 ወ/ሮ ባየች «እናንተ ቁጠሩ!» ብለው ወጡ። አቶ አብዱልቃዲር ተከተሏቸው። ወዲያው የሞተር ድምፅ ተሰማ።

ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ ብዬ ባመለክትም፣ ሰብሳቢው የወ/ሮ ባየች ጥላና የአቶ አብዱልቃዲር የጫት እሥር ወንበር ላይ ስለቀሩ ባለቤቶቻቸው እንደተገኙ ይቆጠራሉ ብለው ወሰኑ። እኔ የታዘዝኩትን ጽፌያለሁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም እንዳይቀየም የሦስቱ ቀኖች አማካይ ተወስዶ ነርሷ ግንቦት 3 ቀን እንድትደርስ ተወሰነ። ጥላው ተቃውሞ ስላላሰማ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ተመዘገበ።

አጀንዳ 2፦ የመድረሻ ሰዓት

የፈረንጅ 4 ሰዓት የእኛ 10 ሰዓት መሆኑ በስምምነት ጸደቀ። የቀኑ ነው የሌሊቱ በሚለው ላይ ግን አቶ ተሻለና አቶ ብሩ ተናቆሩ፤ ጠመኔም ተወረወረ። ግማሹ ተቀባይ በቀኑ 10፣ ግማሹ በሌሊቱ 10 ሰዓት አበባ ይዞ እንዲቆም ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ከቀኑ 8፡00 ላይ ወ/ሮ ባየችና አቶ አብዱልቃዲር ተመለሱ። አብራቸው አቧራ የጠጣች፣ ሻንጣ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ነበረች። አቶ አብዱልቃዲር ባቡሩ ትንሽ መዘግየቱን፣ እናትና ልጅ ጣቢያው ላይ ሲተቃቀፉ እሳቸውም እንዳለቀሱ ያለ ሀፍረት አስመዘገቡ።

ሰብሳቢው ለነርሷ የእንኳን ደህና መጣሽ ንግግራቸው ለግንቦት እንደተያዘ አስታውቀው፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈች ለምን ሳትገልጽ እንደቀረች ጠየቁ።

ነርስ ሮማነወርቅ አራት ዓመት ሙሉ በፈረንጅ ቀን ስትኖር እንደከረመች፣ ቴሌግራሙን ግን የጻፈችው ለኮሚቴ ሳይሆን ለእናቷ እንደሆነ፣ እናቷም የምታውቀው አቆጣጠር አንድ ብቻ እንደሆነ ተናገረች።

በመጨረሻም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሮማነወርቅም ዛሬ እንደደረሰች እንዲታወቅ ሐሳብ ቀረበ። አቶ ብሩ «ዛሬ» በማን አቆጣጠር እንደሆነ ለመጠየቅ እጃቸውን አወጡ። ነገር ግን ወ/ሮ ባየች ጥላቸውን ከወንበሩ አንሥተው፣ በልጃቸው ላይ ዘርግተው፣ እሷን ይዘው ወደ ቤታቸው ስለሄዱ፣ አቶ አብዱልቃዲርም የጫት እሥራቸውን ይዘው ስለተከተሏቸው ምልዓተ ጉባኤው ፈርሶ ስብሰባው በ8፡10 ተበተነ።