የቤሲ እናት

ፊልም ውስጥ ሽጉጥ ከሚመዘው ሰው ይልቅ የሚያስፈራው አጠገባችሁ ተቀምጦ ፊልሙን የሚተረጉምላችሁ ሰው ነው። ባለሽጉጡ ቢበዛ የአንድ ፈረንጅ ነፍስ ያጠፋል፤ አስተርጓሚው ግን ልጃችሁን ይወስዳል። እንዴት አትሉኝም? ልንገራችሁ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰበታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጅብ እንኳ የለም። አውቶቡስ ስሳፈር ስለት ተስዬ ነው። ቤታችን መብራት የገባ ጊዜ አምፖሉ የሚበራው እኔ ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነበር። ስለዚህ እህል ነጋዴው ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ቴሌቪዥን ገዝተው ሐሙስ ሐሙስ ሰፈሩን ሲጠሩ፣ እኔ የመረጥኩት ቦታ ከሳጥኑ ጎን ነው። ያ ሁሉ ጥይት ወደ ፊት እየተተኮሰ ፊት ለፊት መቀመጥ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ለመስታወቱ ማን ዋስ ሆነ? እርግጥ ከጎን ሲያዩት ሰው ሁሉ ሁዳዴን ጾሞ እንዳገባደደ ይከሳል። ይክሳ! እኔ በጤና ቤቴ እገባለሁ።

እስካሁን ባየሁት ላይ ፍርዴን ልስጥ። የካውቦዮቹን ተከታታይ ፊልም አልወደድኩትም። ከብት አለን ይላሉ፣ አንድም ቀን ሲያልቡ አላየሁም። ጥጃው የት ታስሮ እንደዋለ የሚጠይቅ የለም። ፈረሱ ሣር ሳይቀምስ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ይጋልባል። የእኛ አገር ገበሬ ቢያያቸው ከሽፍታው በፊት ባለፈረሱን ነበር ዳኛ ፊት የሚያቆመው።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብቼ ያየሁት የህንድ ፊልም ደግሞ... ሰውየው በጩቤ ተወግቶ ይዘፍናል። ሞተ ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሳበቃ ሌላ ዘፈን ጀመረ። በእኛ አገር የቆሰለ ሰው ውሃ ይለምናል እንጂ ከበሮ አያስመታም።

የኦቦ ደበላ ቴሌቪዥን ግን ጨዋ ነው። ዜና ላይ ጃንሆይ በታዩ ቁጥር ሁላችንንም ብድግ ያደርጉናል። ጃንሆይ መቼም የማይጎበኙት ቦታ የለምና ዜናው ሲያልቅ ጉልበታችንም አብሮ ያልቃል። ከዚያ ፊልሙ ይጀምርና ፈረንጆቹ ለመሳሳም ሲጠጋጉ ኦቦ ደበላ ከተፍ ብለው ሳጥኑ አናት ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል መስታወቱ ላይ ይለቁታል። ዳንቴል መሆኑ ነው እንግዲህ... ሁላችንም በየቀዳዳችን እናያለን። እሳቸውም እንደምናይ ያውቃሉ። መከባበር ማለት ይሄ ነው።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚተረጉምልን መምህር ታደሰ ነበር። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፣ እዚሁ ሰበታ ያስተምራል። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ መምህር ታደሰ ልጄን ጥሩነሽን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለቱንም ጊዜ መልሻቸዋለሁ። በሰውየው ነቀፋ የለኝም፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ሲጠጣም አልታየም። የፈራሁት ሱሉልታን ነው። እንዳገባ ወደዚያ ተዛውሮ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ጎጆ ሊወጣ አስቧል። የጥሩነሽ ደረት ደግሞ የሰበታን ብርድ እንኳ አይችልም። ክረምት በገባ ቁጥር ስታስል ታድራለች። ታላቋን የቀበርኳት በሳል ነው። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት በግ ቢያስል እንኳ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ "ገና ልጅ ናት" አልኩ፣ ሌላ ጊዜ "ደረቷ ብርድ አይችልም" ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ልጅቱ ሃያ ዓመት አልፏታል።

በዚህ መሀል አዲስ ተከታታይ ፊልም ጀመረ። አንዲት ባለጠጋ ባልቴት ትልቅ ቤት ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ "ቤሲ... ቤሲ..." እያለች ታነባለች። እኔ የሰው እንባ አልችልም።

"ምን ሆና ነው?" አልኩ ከጎን ሆኜ።

መምህር ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቤሲ ልጇ ናት። አንድ ደህና ሰው ለጋብቻ ቢጠይቃት እናቲቱ ብርድ ፈርታ ከለከለች።"

"ብርድ?"

"የዚያ አገር ብርድ ከባድ ነው፣ እትዬ።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ቤሲ ምግብ እምቢ ማለቷን ነገረን። ከዚያ ከቤት መጥፋቷን። ከዚያ ደግሞ፣ አምላኬ፣ ፈላጊው ሁሉ ፋኖስ ይዞ ጫካ ሲገባ በዓይናችን አየን። ቤሲን ራሷን ግን አንድም ቀን አላየናትም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ሐዘኗ ስለበዛ ፊልም አንሺዎቹ ፊቷን ለማሳየት አልቻሉም አለኝ። አመንኩት! ጥሩነሽ ከኋላዬ በነጠላዋ አፏን አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ይዤ አጽናናኋት።

በመጨረሻ ባልቴቲቱ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪም ራስጌዋ ቆሟል። ዓይኗን ገልጣ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች፣ መምህር ታደሰም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። "ልጄን ከብርድ አዳንኩ ብዬ ከሰው ነጠልኳት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።"

እናንተ ብትሆኑ፣ ፈረንጅ ይህን ተረት ከየት አባቷ አገኘችው ብላችሁ ትጠረጥሩ ነበር። እኔ ግን ንፍጤን እየጠረግኩ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሲመጣ፣ እንደ ወጉ ቆመው ነገር ማሳመር ገና ሲጀምሩ "ተቀመጡ" አልኳቸው። ሲያስፈቅዱ የሚውሉት ሽማግሌዎች ቀድመው የተዘጋጁበት ንግግር ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ባለቤቴ አቶ ወልዴ እንኳ ያመመኝ መስሎት ግንባሬን ዳሰሰ። ቃል ተሰጠ፣ ውሉ የሚታሰርበት ቀን ተቆረጠ።

እንግዲህ ቃል ከተሰጠ ወዲህ እጮኛ አማቱ ፊት ዝም ብሎ አይቀርብም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ መምህር ታደሰ ቀረ። በሱ ቦታ የተቀመጠችው ከአዲስ አበባ ልትጠይቃቸው የመጣች የኦቦ ደበላ የእህት ልጅ ነች፣ ነርስ። መስታወቱ ላይ ባልቴቲቱ ከአልጋዋ ተነስታ ትስቃለች። ጸጉራም ውሻ ታቅፋለች።

"ተመስገን፣ ዳነች" አልኩ። "ቤሲስ ተገኘች?"

"ይህችው አይደለችም እንዴ?" አለች ነርሷ። "እቅፏ ውስጥ ያለችው።"

"ያ ውሻ ነው እኮ።"

"አዎ። ቤሲ ውሻዋ ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታለቅስ የነበረው ጠፍታባት ነው።"

ኦቦ ደበላ የሚሳሳም ሰው ሳይኖር ተነስተው ዳንቴሉን ለቀቁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄን አቆምኳት። "አንቺ ስምንተኛ ክፍል ድረስ እንግሊዝኛ ተምረሽ የለም?"

"ተምሬአለሁ።"

"ታዲያ?"

"እማዬ፣ አስተማሪ ይታረማል?"

ምን ይባላል! ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስ። ለውሻ ያፈሰስኩት እንባም አይመለስ። ያን ሌሊት በሐሳቤ ጥሩነሽ ሱሉልታ ሆና ስታስል ሰማኋት። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ነገሩ በማስተርጎም ከሆነ፣ እኔስ አስተርጓሚ አይደለሁም?

ባለቤቴ የቡልጋ ሰው ነው። ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖሮ ኦሮምኛው "አካም" የምትለው ሰላምታ ላይ ቆሟል። የመምህር ታደሰ እናት አዴ ጫልቱ ደግሞ፣ ሁሉም እንደሚለው፣ አማርኛ አይሰሙም። እኔ ያደግኩት ፉሪ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ተሰድቤ ነው ያደግኩት። ውሉ በሚታሰርበት ቀን እጮኛው እንደ ወጉ አይገኝም። ሽማግሌዎቹ፣ ኦቦ ደበላ ጭምር፣ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሚመጣው ሊያስማማ ነው እንጂ ሊያርም አይደለም።

ቀኑ ደረሰ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። ጎጆው ተሠርቶ፣ በሣር ተከድኖ ልጆቹን ይጠብቃል ነው የሚሉት።

"ምን አሉ?" አለኝ ባለቤቴ።

"ልጆቹ እዚሁ ሰበታ ይኑሩ፣ የሠራሁትን ጎጆ ጭድ አስገባበታለሁ አሉ።"

ኦቦ ደበላን ትን አላቸው። ሌላው ሽማግሌ የጠላ ዋንጫቸው ውስጥ የሆነ ነገር የወደቀ ይመስል ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ። ባለቤቴ ግን ፊቱ በራ። "እንዲህ ያለች ደግ ሴት! እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፣ ለዓመት በዓል ይሄዱላቸዋል በያቸው።"

ወደ አዴ ጫልቱ ዞርኩና በኦሮምኛ፣ "ባለቤቴ የልጅቱ ደረት ነገር ሆዱን ይበላዋል። ሱሉልታ ከምትሄድብኝ እኔን ቅበሩኝ እያለ ያለቅሳል" አልኳቸው። ባለቤቴ ይህን ጊዜ ጥርሱን ገልጦ እየሳቀ ራሱን ይነቀንቅላቸዋል።

አዴ ጫልቱ እሱን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔን ሲያዩኝ ቆዩ... የፈራሁት የደረሰ መሰለኝ።

"ኤዬ" አሉ በመጨረሻ። እሺ ማለት ነው። ኦቦ ደበላ ሌላ ነገር ሳይነሳ ፈጥነው ለምርቃት ተነሱ።

ሽማግሌዎቹ ቀደም ሲሉ አዴ ጫልቱን እስከ በር ሸኘኋቸው። በኦሮምኛ በሰላም ይግቡ አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉና ከእኔ በሚጠራ አማርኛ፣ "እኔ እኮ ያረጀሁት አዲስ አበባ ወተት ሳመላልስ ነው" አሉኝ። "አማርኛ ሳልሰማ ለማን ስሸጥ ኖርኩ?"

"ታዲያ... ለምን ዝም አሉ?"

መንገዱን፣ ከዚያ በላይ ወደ እንጦጦ ያለውን ደመና አዩ።

"እኔም የቀበርኳት ልጅ አለች" አሉ፣ "በዚያው ብርድ። ጎጆውን እንዳልሽው ጭድ አስገባበታለሁ።"

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር አሉ።

"ደህና ዋይ፣ የቤሲ እናት።"